የበረዶውን ተራራ የወጣው ባለጠጋ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጠጋ ነው፣ ክፉም አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ፣ እኔም ባልነገርኩህ።

በዘመኑ አንበጣ የቆላውን አዝመራ ጨርሶ በላውና ሁለት መቶ የሚያህሉ ረሃብተኞች ወደ ደጋ ወጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ወደቁ። ደገኞቹ ጎተራቸው ሙሉ ነበር፤ እጃቸው ግን አልፈታ አለ። ባለጠጋው የራሱን እህል ቢያካፍል ለሳምንት እንኳ አልበቃም። ስለዚህ በገበያ ቀን ሕዝቡ መካከል ቆመና ተሳለ። ከበላያቸው ያለውን ባለ በረዶ ተራራ ወጥቶ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይተክላል፤ ጨርቁ ከገበያው ከታየ ቤት ያለው ሁሉ አንድ አንድ ዳውላ ለረሃብተኞቹ ይሰጣል፤ ካልታየ እህሉ በየጎተራው ይቀራል። ሕዝቡ ደስ ብሎት ማለ። ሰው እንዲህ ነው፤ ለተራበ ያልፈታውን እጅ ለወሬ ይፈታዋል።

መንገዱን እንዲመራው ከተራራው ሥር የሚኖር አንድ ድኻ ገበሬ አብሮት ወጣ። በረዶው ከጀመረበት ቦታ አንሥቶ ገበሬው እየቀደመ ረገጠ፤ ባለጠጋው በእርሱ ኮቴ ላይ እግሩን እያሳረፈ ተከተለ። ስለዚህ የገበሬው እግር እስከ ጉልበቱ ሲረጥብ የባለጠጋው ደረቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ጫፉ ወለል ብሎ ሲታይ፣ ገበሬው ተቀመጠ።

«ጌታዬ፣ እግሬ ከዳኝ» አለ። «ከታች እስካለው ዋሻ ድረስ ብቻ ይሸከሙኝ። እንጨት አለ፣ እሳት አለ፣ እተርፋለሁ።»

ባለጠጋው ጫፉን አየ፤ ሰውየውንም አየ። ከወረደ ዳግመኛ የሚወጣበት አቅም እንደሌለው ያውቃል። ሁለት መቶ ነፍስ በአንድ ወገን፣ አንድ ነፍስ በሌላ ወገን አድርጎ መዘነ። ደግሞም ደክሞኛል፣ ሰው የምሸከምበት ጉልበት የለኝም አለ፤ ይህን ሲል አልዋሸም፣ አምኖበት ነው። ጋቢውን አለበሰው፤ እፍኝ ቆሎ በመዳፉ አኖረለትና ቶሎ እንደሚመለስ ነገረው። ገበሬው አልተከራከረም። «እንግዲህ ይሂዱ» አለ።

ወጣና ጨርቁን ተከለ። እላይ ሲቆም ረሃብተኞቹን የሚያስብ መስሎት ነበር፤ ያሰበው ግን ነገሩ በገበያ እንዴት እንደሚወራ ነው።

ሲመለስ ገበሬው ሞቷል፤ ቆሎው እንኳ አልተቀመሰም። ባለጠጋው አለቀሰ። ከዚያም የክርስቲያን ሬሳ ያለ ፍትሐት በዱር አይቀርም ብሎ በመቀነቱ ከጀርባው ጋር አሰረውና መውረድ ጀመረ። እየወደቀ እየተነሣ፣ ያን ቀንና በማግስቱ ተሸክሞ መንደር አደረሰው። ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ራሱም ገረመው።

ሰዉ ሬሳውን ተቀብሎ እያለቀሰ ባለጠጋውን አመሰገነ። ስለቱን አደረሰ፣ ሬሳውንም አልጣለም፣ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል ተባለ። እህሉ በዚያው ቀን ወጣ፤ ረሃብተኞቹም በልተው ዳኑ። ይህን አልክድም።

በሣልስቱ ባለጠጋው ወደ ለቅሶ ቤቱ ሲገባ ሁሉ ተነሣለት፤ የሟች ሚስት ብቻ አልተነሣችም። ከየት ቦታ ጀምሮ እንደተሸከመው ጠየቀችው። ከጫፉ ሥር፣ እሱ ከሞተበት፣ ብሎ ነገራት።

«ሬሳ ይከብዳል ሲሉ እሰማለሁ» አለች። «በነፍሱ ሳለ ይቀልዎት ነበር።»

ባለጠጋው ከዚያ በኋላ ብዙ ድኻ አበላ፣ ብዙ ዕራቁት አለበሰ፤ ያቺን አንዲት ቃል ግን እስኪሞት ድረስ ከላዩ ሊያወርዳት አልቻለም።

ልጄ፣ አንተም የጠየቅኸኝ እንዲህ ነው። ማኅበርህ ለዓይነ ስውራን እርዳታ እንድታሰባስብ አገር ለአገር ሊልክህ ነው፤ ታላቅ ወንድምህ ደግሞ ታሞ ተኝቷል። ሄጄ ስመለስ ባስታምመው ኀጢአት ይሆንብኛል ወይ አልኸኝ። ተራራ መውጣት ክፉ ነው አላልኩም፤ የበሉት ሰዎች እውነት በልተዋል። ግን አንተ ትማር ዘንድ እርሱ ሞፈር ይዞ ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ የሄድኸው በእርሱ ኮቴ ላይ ነው። ቢሞት ደግሞ አውቅሃለሁ። ማኅበሩን አስፈቅደህ ትመጣለህ፣ ከሬሳው ፊት ፊት ትሄዳለህ፣ ድንኳን ትተክላለህ፣ ተዝካሩን ሰንጋ ጥለህ ታወጣለህ። ጊዜውም ጉልበቱም ያን ጊዜ አይጠፋህም።

እንግዲያው ያን ጉልበት ዛሬ ይዘህለት ሂድ። ወንድምህ ገና በነፍሱ አለ።