ቃጭሏ የሳቀችባት ጊደር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ ዛሬ እውነትም በረት ነው የምንገባው፤ እበት እንዳትረግጡ።

ከብቶች አፍ በነበራቸው ዘመን ቦቃ የምትባል ጊደር ነበረች። ግንባሯ ነጭ፣ ልቧ የዋህ። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችው ቃጭል አብሮ አደጓ ናት።

አንድ ቀን አንዲት መዥገር ከሣር ላይ ተንጠላጥላ የቦቃ ጆሮ ውስጥ ገባች።

«የኔ እህት» አለቻት፣ «እንዳንቺ ያለ ቆንጆ አይቼ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ብቻ።»

«ቃጭሌስ?» አለች ቦቃ።

«እሷም ትኑር። የሚስቅልኝ አያስጠላኝም።»

ጠዋት ጠዋት ከቦቃ ጀርባ ላይ መዥገር የምትለቅም ወፍ ነበረች። መዥገሪቱ ወፏን ስታይ ደነገጠችና ሹክ አለች፦ «እኔ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ፤ ይቺ ወፍ ‹ቦቃ ትሸታለች› እያለች ታወራለች። መንቁሯን አይተሽዋል? ማረሻ እኮ ነው! ልታርስሽ ነው!»

ቃጭሏ ቅጭል ቅጭል ብላ ሳቀች። ቦቃም «ሂጂ፣ ማረሻ!» ብላ ወፏን በጭራዋ አባረረቻት።

ከግጦሽ ስትመለስ እናቷ ጆሮዋን ልትልስላት ቀረበች። መዥገሪቱም፣ «እኔ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ፤ ይህን የሚያህል ዳሌ ይዘሽ እንደ ጥጃ ትላሻለሽ? ወይፈኖቹ እኮ ‹ጡጦ› የሚል ስም አውጥተውልሻል!» አለቻት።

ቃጭሏ ቅጭል ቅጭል። ቦቃ ከእናቷ ፊቷን አዞረች።

ጆሮዋ ሲያሳክካት ወደ ግራሩ ሄደች። «ነይ፣ ተፈተጊብኝ» አላት ግራሩ።

«እሱ?» አለች መዥገሪቱ። «ከመንደሩ አህያ ሁሉ ጋር ሲተሻሽ የሚውለው?»

ቃጭሏ በሳቅ ልትበጠስ ደረሰች። ቦቃ እያሳከካት ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ቦቃ ከሳች። «ደከመኝ» ስትል፣ መዥገሪቱ «ሸንቃጣ ሆንሽ እንጂ!» ትላታለች። «የምትነክሽኝ አንቺ ነሽ እንዴ?» ስትል መዥገሪቱ ታለቅሳለች፦ «እኔ? ሁሉም ሲሸሽሽ አብሬሽ የቀረሁት? ይሁን፣ እሄዳለሁ።» ቦቃም ይቅርታ ጠይቃ ታስቀራታለች። መዥገሪቱ የጉሎ ፍሬ አክላ ነበር።

አንድ ቀን ቦቃ መነሳት አቃታት። መዥገሪቱ አዛጋች። «ኤጭ! አንቺ ደግሞ ጨዋታሽም አለቀ፣ ደምሽም አለቀ። ያ በረቱ ደጅ የተኛው ውሻ ደህና ጆሮ አለው።»

ቦቃ ቃጭሏን ጠየቀቻት። «አንቺ ሁሉን ሰምተሻል። ወፏ አምታኝ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን።»

«ወይፈኖቹስ ስም አውጥተውልኛል?»

«ወይፈኖቹ የራስሽንም ስም አያውቁትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀልዷ ያስቅ ነበር» አለች ቃጭሏ። «ደግሞም ካልሳቅሁ ወደ እኔ እንዳትዞር ፈራሁ።»

ቦቃ በቀራት አቅም አንገቷን ነቀነቀች፤ ቃጭሏም በሳቀችበት አፍ ጮኸች። ወፏ ሰምታ መጣች።

«ምነው፣ ማረሻዬን ፈለጋችሁ?»

«ጆሮዬ ውስጥ ናት» አለች ቦቃ።

«ያማል።»

«ይመመኝ።»

ወፏ ነቆረች፤ ቦቃ ጮኸች፤ መዥገሪቱ «እኔ ስለምወድ...» እንዳለች ተዋጠች።

ቦቃ ዳነች። ቃጭሏን ግን ለብዙ ጊዜ አላናገረቻትም፤ መብቷ ነው።

የመዥገር ንክሻ አይሰማም፤ የወዳጅ መንቁር ያማል። ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ። ያኔ ቅጭል ቅጭል ብሎ የሳቀው አፍ ይኸው ነውና ዳቦውን ለቦቃ ስጡልኝ።