አረሙ የት ነው?

አንድ አንደበቱ የሚጣፍጥ ይርዳው የሚባል ሰው በመንደሩ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ቃላት መቀየር ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ጎረቤት መባላቸው ቀርቶ “አረም” ተባሉ። እነሱን መግደል “ማረም”፣ ቤታቸውን ማቃጠል ደግሞ “ማጽዳት” ሆነ። ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ ለመፈክር ይመቻሉ፤ ደም አይታይባቸውም። ወጣቱ በጣም ስለለመዳቸው አንዱ ሚስቱ “ቤቱን አጽዳ” ብትለው ደንግጦ ክብሪቱን ደበቀ።

አንድ ሰኞ ይርዳው ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ነገ በማለዳ አረሙ ከነሥሩ ስለሚነቀል ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ወንዙ ዳር እንዲወጣ አዘዘ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ወይዘሮ ትርንጎ ልጃቸው ዘንድ ከርመው የተመለሱት የዚያኑ ዕለት ነው። አዲሱን ቋንቋ አልሰሙም። አረም ሊነቀል ነው ሲባል የእርሻ ደቦ የተጠራ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ ለአራሚዎቹ ቆሎ ቆልተው፣ መኮትኮቻቸውን ይዘው በማግሥቱ ከሁሉም ቀድመው ወንዙ ዳር ተገኙ። ወጣቶቹ ገጀራና ቆመጥ ይዘው ሲመጡ አዘኑላቸው። በገጀራ አረም እንደማይነቀል አስረዷቸው። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞሩ።

“እርሻው የት ነው ልጄ?”

“እርሻ አይደለም እማማ። አረም የምንለው የማዶዎቹን ሰዎች ነው።”

“አንተን ከእናትህ ሆድ የተቀበለችህን ወለላንም?”

ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ዘመኑ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሕዝብ አደራ ብዙ ተናገረ። ወይዘሮዋ ቆሎውን እንደታቀፉ በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱ።

“ጥሩ ተናገርክ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝና አልገባኝም። ወለላ ቤት ስደርስ በእጄ ምን ላድርግ?”

ይርዳው ግራ ቀኙን አየ። ያ ሁሉ ቃል ጠፋበት።

“እርስዎ ይገድሏታል” አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሰዎቹ ሥራው በስሙ ሲጠራ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። አንዱ በሬውን ውኃ አለማጠጣቱ ትዝ አለው። ሌላው ሆዱን ቆረጠው። ሦስተኛው ምንም ምክንያት ሳይፈልግ ገጀራውን ወንዙ ውስጥ ጣለና እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ። ይርዳው “መግደል ስል እንኳ…” እያለ ሌላ ቃል ሲፈልግ የሚሰማው ሰው አልቀረም።

ክፉ ሥራ በስሙ ከተጠራ ተከታይ አያገኝም፤ ስለዚህ ነው አስቀድሞ ያማረ ስም የሚወጣለት። እኛስ ስናጨበጭብ፣ “በእጄ ምን ላድርግ?” ብለን ጠይቀን እናውቃለን?