አስፈሪው እንሽላሊት እና የጅግራዋ ዱካ

አንድ ጊዜ፣ በጋው አላልቅ ብሎ ወንዙ ሁሉ አሸዋ በሆነበት ሸለቆ፣ አንዲት ጅግራ እንቁላሎቿን ቅጠል አልብሳ ለአንድ ጉንጭ ውሃ ወደ ቀረችው ኩሬ ሮጠች። ሳይቀዘቅዙባት ተመልሳ ልትታቀፋቸው ቸኩላለች። ኩሬዋ አፋፍ ላይ ግን አርጃኖ፣ ያ ትልቁ እንሽላሊት፣ ሆዱን ዘርግቶ ተጋድሟል። በአንድ ጎኑ ቀበሮ፣ በሌላው አያ ጅቦ ቆመዋል።

«ቁሚ!» አለ አያ ጅቦ። «ለጋሽ ዳይኖሰር ሳትሰግጂ ወዴት ነው?»

«ለማን? ይሄ አርጃኖ አይደል እንዴ? ትናንት እኮ ምስጥ ሲለቅም ነበር!»

«ትናንት ማንነቴን አላውቅም ነበር» አለ አርጃኖ፣ ምላሱን እያወጣ።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰሞኑን ገደሉ ሥር ድንኳን ተክለው የጥንት አጥንት ከሚቆፍሩ ሰዎች ዘንድ የሳርዲን ቆርቆሮ ሲልስ ነው የከረመው፤ ወሬውንም የለቃቀመው እዚያው ነው።

«ስሚ እህቴ፣ ይሄ የሳይንስ ነገር ነው። ዳይኖሰር የሚለው ስም ከጥንት ግሪኮች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው። ሰው ሳይፈጠር ምድሪቱ የእነሱ ነበረች። እንሽላሊቱስ? ይኸው ተጋድሞልሻል! ስለዚህ ኩሬዋ የአያቶቹ ርስት ናት። አንዴ ለመጠጣት አንድ እንቁላል።»

«እንቁላሉን ማን ሊበላው?»

«እሱ ነዋ! እኔ ቀድሜ እቀምስለታለሁ፤ መርዝ ቢኖረውስ?»

«እኔስ?» አለ አያ ጅቦ።

«አንተ ቅርፊቱን።»

«ተባረክ ወንድሜ!» አለ ጅቦ፣ ለሃጩ እየተንጠባጠበ።

ጅግራዋ ነገሩን አሰላችው። በየቀኑ ከሰጠች ዝናቡ ሳይመጣ ጎጆዋ ባዶ ይቀራል፤ ካልሰጠች ጥሙ እዚያው ይደፋታል። አፍ ግን አላት። ጩኸቷን ስትለቀው አንበሳ ከእንቅልፉ ተነስቶ እየተነጫነጨ መጣ።

«ማነው እሱ አስፈሪ? እዚህ ሰፈር ማስፈራት የኔ ሥራ መስሎኝ!»

ነገሩን ሲነግሩት ጢሙን ላሰ። «ቀላል ነው። ሰዎቹ አፈር ጠርገው ያወጡት ድንጋይ ላይ የዳይኖሰር ዱካ አለ። እንሂድና እግሩን ያሳየን!»

ተያይዘው ሄዱ። ድንጋዩ ላይ ሰፌድ የሚያህል ባለ ሦስት ጣት ዱካ ታትሟል። አርጃኖ እየተሳበ ወጣና እግሩን አስገባ።

«አምስት ጣት!» አለ አንበሳ። «ሁለቱ ትርፍ ናቸው።»

«በጥርሴ ላስተካክልለት?» አለ አያ ጅቦ።

አርጃኖ እግሩን ሰብስቦ ከድንጋዩ ላይ ዱብ አለ።

ጅግራዋ ይሄን ሁሉ አላየችም። እንቁላሎቹ እያሳሰቧት፣ ሰዎቹ በጠረጉት ለስላሳ አፈር ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ቆይ፣ ቆይ! እግርሽን አንሺ» አላት አንበሳ። አፈሩ ላይ ሦስት ጣት፤ ድንጋዩ ላይም ሦስት ጣት። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከመሆኑ በቀር ያው ነው።

ቀበሮ ቀስ ብሎ ሊሾልክ ሲል አንበሳ ጭራውን ረገጠው። «የሰማኸውን ሁሉ አውጣ!»

«እሺ ጌታዬ፣ እሺ! ስሙ እንሽላሊት ይላል እንጂ ዳይኖሰሮች እንሽላሊት አይደሉም። እንሽላሊት እግሩን ወደ ጎን ከፍቶ ይሳባል፤ እነሱ እግራቸውን ከሥራቸው አቁመው ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ከዘራቸው የቀሩት ወፎች ብቻ ናቸው ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅክ?»

«ብናገርማ እንቁላሉ ከየት ይመጣል?»

አያ ጅቦ ጅግራዋ ፊት በጉልበቱ ወደቀ። «እማማ ዳይኖሰር፣ በፈጠረሽ አትብይኝ!»

ቀበሮ ወዲያው ተገለበጠ። «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ኩሬዋ ያንቺ ሆነች። ቀረጥ ልሰብስብልሽ?»

ጅግራዋ ሳቋ መጣ። «ለአያቶቼ ስም ብዬ ጎረቤት በጥም ልጨርስ? ዞር በል ባክህ፣ እንቁላሌ ሊቀዘቅዝብኝ ነው!»

ከነፈች። ከኩሬዋ ጠጥታ ቀና ስትል አርጃኖ አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጠጋ አለችለትና እሱም ጠጣ።

ጎጆዋ ደርሳ ስትታቀፍ እንቁላሎቹ ገና ሙቅ ነበሩ። ዞር ስትል አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ጀርባ አፍንጫውን አሹሎ ያሸታል።

«እማማ... ሲፈለፈሉ ይናከሳሉ?»

«ገና ቅርፊቱ ውስጥ እያሉ!» አለችው።

አያ ጅቦ ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደው ራሱም አያውቀውም፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ጎጆ አጠገብ ዝር አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ የስሙን ትርጉም ያወቀ ሁሉ የስሙን ባለቤት አወቀ ማለት እንዳልሆነና፣ ግማሹን ነግሮን ግማሹን የሚውጥ ሲያጋጥመን የቀረውን ሳናስወጣው መልቀቅ እንደሌለብን ነው።