ሁለት ዓይን የተሣለለት አሻንጉሊት

አንድ የጃፓን የምርጫ ክልል ነበር፤ በባሕር ዳርቻ ያሉ ሰባት ትናንሽ ከተሞች ተባብረው አንድ ሰው ወደ ፓርላማ የሚልኩበት። ለስድሳ ዓመት ወንበሩ ከካናሞሪ ቤት አልወጣም። መጀመሪያ አያትየው፣ ቀጥሎ አባትየው፣ ኋላም ልጅየው ተመረጡበት።

በዚያ አገር ተወዳዳሪ ዳሩማ የሚባል ቀይ አሻንጉሊት ይገዛል። አሻንጉሊቱ ዓይን ሳይሣልለት ይሸጣል። ዘመቻው ሲጀመር ተወዳዳሪው አንደኛውን ዓይን ይሥላል፤ ሁለተኛውን የሚሥለው ካሸነፈ ብቻ ነው።

ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው ልጅየው ካናሞሪ ሰማንያን ወደ ዘለሉት አሻንጉሊት ሠሪ ወደ ሺገኖ ሄደ።

«እማማ፣ ለሰባቱም ቢሮዎቼ ሰባት ዳሩማ ይሥሩልኝ። ሁለቱንም ዓይን ሥለው ይስጡኝ፤ ውጤቱ እንደሆነ የታወቀ ነው።»

«ጌታዬ፣ ሁለተኛው ዓይን የሕዝብ ነው። ሕዝቡ ሳይናገር እኔ አልሥልም።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛዎ አይደለሁም!»

ከእርሱ ቤት ትእዛዝ ሌላ ሺገኖ ይህ ነው የሚባል ገቢ አልነበራቸውም። ቢሆንም ብሩሻቸውን አላነሡም። እሱም ሁለት ዓይን ያላቸውን ዳሩማዎች በሌላ ከተማ አሠርቶ በየቢሮው መስኮት አስቀመጣቸው።

አላፊ አግዳሚው አየ። እንዴት አያይ! ለዓመታት «ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል» ብሎ ቤቱ ሲቀር የኖረው ሁሉ «እኛ ሳንመርጥ?» ብሎ ተቆጣ። በምርጫው ቀን ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስረው መጡ፤ ሽማግሌዎቹ በምርኩዝ ተሰለፉ። በዚያ አገር መራጭ የሚመርጠውን ሰው ስም በገዛ እጁ ይጽፋል። የዚያን ቀን ብዙዎች ከካናሞሪ ጋር የምትወዳደረውን የአንዲት ነርስ ስም ጻፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው አይደል! ካናሞሪ በሁለት መቶ አሥራ ሦስት ድምፅ ተሸነፈ።

በማግስቱ ሺገኖ ዘንድ ተመልሶ፣ «ሕዝቡን ያነሣሡብኝ እርስዎ ነዎት?» ሲል ጠየቃቸው።

«እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው መስኮትዎን አይቶ ነው። እኔማ የአያትዎን ስም ጽፌያለሁ፣ የአባትዎን ጽፌያለሁ፣ የእርስዎንም ጽፌያለሁ። ትናንት ግን እጄ እምቢ አለኝ። ቤትዎን ስድሳ ዓመት ያቆመው የእኛ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ እርስዎ ግን ወንበሩ የዘርዎ መሰለዎት።»

ካናሞሪ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቷቸው ወጣ።

እነዚያን መራጮች ባሰብኩ ቁጥር ሰው በመሆኔ እኮራለሁ። አደራ ርስት አይደለም፤ የሰጠው እጅ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ወዳጄ፣ ሰዎች አምነው ከሰጡህ ነገር ውስጥ እንደ ርስትህ መቁጠር የጀመርከው የትኛውን ይሆን?