የጋሽ ልየው ግራ እግር ዕድሜ

አንድ ቀን ጋሽ ልየው የእርዳታ ቢሮውን ደረጃ በምርኩዝ ሲወጣ ጉልበቱ ከዳው። የቀረችው አንዷ ጉልበት ማለቴ ነው። ግራዋንማ ገና በሠላሳ ዓመቱ የወፍጮ ማዞሪያ ቺንጋ ጠልፎ ወስዶበታል። ያኔ እናቱ «የልጄ ሥጋ የጅብ ራት አይሆንም» ብለው ድርቅ ስላሉ፣ እድሩ ጡሩምባ አስነፍቶ እግሪቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በወግ ቀብሯታል። ከቀብሩ የቀረ እድርተኛም አልቀረለትም፣ ተቀጥቷል።

እንግዲህ ጋሽ ልየው እግሩ አለመብቀሏን ለማሳየት በየዓመቱ ቢሮው ይቀርባል። ቢሮውም ለአካል ጉዳተኞች ከሚሰጠው ድጋፍ ምርኩዙን ይቀይርለታል፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰውን ባጃጅ ይከፍልለታል። ያ ድጋፍ ባይኖር ከደጁ ፈቀቅ አይልም።

የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ የጠበቀው ስንሻው የሚባል አዲስ ሹም ነበር። መመሪያ በቃሉ የሸመደደ፣ መመሪያው ላይ ካልተጻፈ ዝናብ ቢመታው እንኳ ዘነበ የማይል ሰው ነው።

«አባት፣ ዘንድሮ ሰባ ሞልቶዎታል፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለ መዝገቡን ገልጦ። «ከዛሬ ጀምሮ ከአካል ጉዳተኞች መዝገብ ወጥተው ወደ አረጋውያን መዝገብ ገብተዋል።»

«እዚያ ምን ይሰጣል ልጄ?»

«ለገና ብርድ ልብስ።»

«ምርኩዝስ? ባጃጅስ?»

«እሱ እንኳ የለም።»

ብርድ ልብስ ለሚተኛ ሰው ነው፤ ጋሽ ልየው ደግሞ ገና መተኛት አላማረውም።

«ታዲያ እግሬን የቆረጠው እርጅና ነው እንዴ?» አለ።

ስንሻው ፈገግ ብሎ እንደ ተማሪ ያስረዳው ጀመር። «ይስሙኝ አባት። የሰባ ዓመት እግር ኖረም አልኖረም ያው ነው፤ ዳገት አይወጣ፣ አይሮጥ። ግራ እግርዎ ዛሬ ብትኖር ኖሮ እሷም ሰባ ይሞላት ነበር። ስለዚህ መራመድ ያቃተዎት ከእርጅና ነው ተብሎ ይያዛል። አይ ካሉ በወረቀት ይሞግቱኝ።»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

«ወረቀት ካመጣሁ ትቀበለኛለህ?»

«ማኅተም ካለው ለምን አልቀበልም።»

ጋሽ ልየው ከዚያው ወደ እድሩ ሄደ። በማግስቱ የእድሩን አሮጌ የቀብር መዝገብ በፌስታል ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ስንሻው መነጽሩን አድርጎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ «የልየው ግራ እግር። ዕድሜ ሠላሳ። በዛሬው ዕለት ተቀበረች።» ከሥሩ የእድሩ ማኅተም ክብ ብሎ ተቀምጧል።

«ይሄ ምን ያደርግልኛል?» አለ ስንሻው።

«የቀኟን ነገር ልክ ነህ ልጄ» አለው ጋሽ ልየው። «አርጅታለች፣ ብርድ ልብሱን ለእሷ ስጣት። ግራዋ ግን ያረፈችው በሠላሳ ዓመቷ ነው። ለመሆኑ፣ ከሞተ በኋላ ያረጀ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

የዚያን ዓመት ገና ጋሽ ልየው ብርድ ልብሱን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ በአዲስ ምርኩዝ፣ ከባጃጅ ሲወርድ ታየ።