ነፍሰ ጡሯ አይጥ የቀበረችው ማሽላ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ቀርቶ በሦስተኛው ደመናው መክበድ ሲጀምር፣ በአንድ ቆላ መንደር የሚኖሩ የሁለት ወንድማማቾችና የእህታቸው ጎተራ ተጠርጎ አልቆ ነበር። የሚበላ ቀርቶ የሚዘራ ፍሬ አልተረፈም።

ታላቁ እምሩ ባለማሳው ነው። አምና ሰው ሁሉ ዘሩን ቆልቶ ሲበላ፣ እሱ ልጆቹ እያለቀሱ የመጨረሻዋን ማሽላ ከአፋቸው ነጥቆ ዘራ። መንደሩ አበደ አለው። ያፈራው ጥቂት ነበር፤ ያውም አብዛኛው ረግፎ በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ቀረ።

መካከለኛዋ ደብሪቱ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ እህል ፍለጋ ወጥቶ አልተመለሰም። ሥራ ስላቃታት ማሳው ዳር ተቀምጣ አይጦችን ታያለች። አይጦቹ ያገኙትን ፍሬ እዚያው ቆርጥመው ይሄዳሉ። አንዲት ሆዷ መሬት የሚጠርግ አይጥ ግን የጎድን አጥንቷ እየተቆጠረ አንዲት አትቀምስም፤ በአፏ ይዛ ወደ ጉድጓዷ ትመላለሳለች።

«የዚያችን ጉድጓድ ቆፍሩ» አለች ደብሪቱ። «የማትበላው ጠግባ አይደለም። ልትወልድ ነው።»

ታናሹ ይርዳው ሳቀ። «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለና ዶማውን አነሳ። እህል ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነው። መሬቱ ድንጋይ ሆኖበት፣ መዳፉ እየደማ፣ ሁለቴ ራሱን ስቶ እየወደቀ፣ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ቆፈረ። በመጨረሻ ገለባ የተነጠፈበት ጓዳ አገኘ። ውስጡ አንድ ቁና የሚሞላ ማሽላ ነበር፤ አጠገቡም ገና የተወለዱ፣ ዓይናቸውን ያልገለጡ ስድስት ግልገሎች። እናትየው አልሸሸችም።

«ዘሩ የኔ ነው» አለ እምሩ። «ዝናቡ ሳይቀድመን ይዘራ።»

«በማን ጉልበት ጋሼ? ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ካልበላሁ ነገ ዶማ አላነሳም።»

«ያየሁት እኔ ነኝ» አለች ደብሪቱ። «እኔ ካልበላሁ የሚሄደው የሁለት ሰው ነፍስ ነው።»

ቁናው ለሦስት ቢከፈል ለዘርም አይሆን፣ ለአፍም አይበቃ።

«ቆይ እስቲ እታለም» አለ ይርዳው፣ «የአይጧን ልብ እንዴት አወቅሽው?»

መዋሸት ትችል ነበር። አፈረች፤ ግን የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ አሳየቻቸው። እህል ሳያልቅ፣ ከሚደርሳት ቆሎ በየቀኑ እየቀነሰች የቋጠረችው አንድ እፍኝ ነው። ይርዳው ራሱን ስቶ ሲወድቅ እሷ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቋጠሮውም አብሯት ነበር።

«ለሱ ነው» አለች ሆዷን ይዛ። «ለራሴማ አንዲት አልቀመስኩም።»

ከወዲያ ማዶ ነጎድጓድ ተሰማ። አይጧ ባዶ ጓዳዋ ደጃፍ ላይ እንደቆመች ናት።

ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ተጣልተው ተነሡ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ የዘራው፣ እየወደቀ የቆፈረው፣ እሷም ስለደበቀች የአይጧን ምሥጢር ያወቀችው፣ ወይስ ከሁሉም በፊት ሳትበላ ያጠራቀመችው አይጥ? ቁናው ለማን ይገባል?