ሁልጊዜ ከላይ የነበረው ካትላ

ተረት ተረት! «የወንዝ ዳር መሬት» በሉ፤ ካላላችሁ አልጀምርም።

በድሮ ጊዜ በህንድ አገር፣ በአንድ ሰፊ ወንዝ ውስጥ ሦስት ዓሦች ይኖሩ ነበር። ካትላ ከላይ፣ ሮሁ ከመሃል፣ እሜት ምሪጋል ደግሞ ከታች ከጭቃው። የካትላ ራስ እንስራ ያህላል። እንስራው ውስጥ ያለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ከላይ ነኝ!» አፉ ወደ ሰማይ ስለተከፈተ ወደ ታች ማየት አያውቅም።

በጋው ገባ። ዝናቡ ቀረ። ወንዙ መጉደል ጀመረ።

እሜት ምሪጋል ከጭቃው ብቅ አለች። «ጌታው፣ ጭቃው እየሞቀ ነው። መንገዱ ሳይዘጋብን ወንዙ ወደሚጠልቅበት እንሂድ።»

«አንቺ ጭቃ ላሽ! ደግሞ መካሪ ሆንሽ? ይልቅ አፍሽን ታጠቢ!» አላት።

ሮሁ መጣ። «ወንድሜ ካትላ፣ ድሮ ድምፅህን እንኳ ከሩቅ ነበር የምሰማው። ዛሬ ሆድህ ጀርባዬን እየነካኝ ነው።»

«ማን ውጣ አለህ? ወደ ቦታህ ውረድ!»

«እኔ አልወጣሁም፤ አንተ ነህ የወረድከው።»

«እኔ? እስቲ ቀና ብለህ እይ! ከእኔ በላይ ውኃ አለ?»

የለም። ሮሁ ምሪጋልን አስከትሎ ወደ ጥልቁ ሄደ።

ከዚያ በወንዙ መሃል አንድ ድንጋይ ጀርባው ደርቆ ብቅ አለ። «ኧረ ካትላ፣ ፀሐይ መታኝ! ውኃው እያለቀ ነው፤ አሁኑኑ ሂድ!»

ካትላ በሳቅ ፈነዳ። «አይ ጊዜ! ድንጋይም ቀና ቀና ማለት ጀመረ? ዝቅ በል!»

ድንጋይ እንዴት አድርጎ ዝቅ ይበል?

ወንዙ ኩሬ ሆነ። ኩሬው ጭቃ ሆነ። የካትላ ሆድ ጭቃው ላይ ተለጠፈ፤ ጀርባውን ፀሐይ ጠበሰው። አሁንም ከላይ ነው።

ቀበሮ እግሩን እንኳ ሳያርስ እየተራመደ መጣ።

«ጌታዬ ካትላ፣ እንዴት ዋሉ? እንደ ድሮው ከላይ ነዎት ወይስ ወረዱ?»

«አታይም እንዴ? ከላይ ነኝ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ጠልቄ ከመፈለግ አዳኑኝ» አለና ከካትላ ራስ መብላት ጀመረ። ከዚያ ሁሉ ራስ አንድ ደህና ጉርሻ አልወጣውም።

የጎደለ ውኃም አናት አለው። «ከላይ ነኝ» የሚል፣ ከምን በላይ እንደሆነ ይጠይቅ።

ተረቴን መልሱ፤ የካትላን አፍ ከጭቃው አብሱ።